ጫማው ይቅር

አፉላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጥገና ሱቄ፣
ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆድ ውስጥ ዘልቄ፣
ሂላን፣ የአዝመራውን ልጅ፣ በር ላይ አየኋት፣
ወረቀት ታቅፋ፣ ዝናብ ያበሰበሳት።
«ሹምዬ፣ ሽጉጥ ሥራልኝ» አለች።
(አንቱታ አታውቅም፣ እዚሁ ተወለደች።)
«የጠፈር ነው፣ የጨረር፣ ለመመረቂያ ፊልሜ፤
ሁለት ሳምንት ቀረኝ፣ አለቀ አቅሜ።»

የፀጉር ማድረቂያ አፈሙዝ ሆነላት፣
የተቃጠለ ኒዮን ለበርሜል ሰጠኋት፤
እጀታው ከመሰርሰሪያ፣ ቃታው ከጋዝ ምድጃ፣
ሦስት መብራት ጎኑ ላይ፣ ለጉልበቱ ማወጃ።
ስም አጥታለት ነበር፤ እኔ «ጸዳል» አልኩት፣
በነጭ ቀለም፣ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፍንበት።

ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፤ ሥራውን ሳላውቅ ክዳን አልዘጋም።
«ሲመታ ምን ያደርጋል?» አልኳት። አላመነታችም።
«የኪማ መርከብ አዛዥ ቃታውን ሲስበው፣
ጨረሩ የነካው ሰው ብርሃን ነው የሚሆነው።
ደም የለ፣ ጭስ የለ፣ አመድ እንኳ የለም።
ንጹሕ ነው፣ ሹምዬ። ሬሳ አይተርፍም።»

«ንጹሕ» ስትል መዳፌን በላኝ።
ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ፤ ማውራት አማረኝ።

ወንድሜ ይታየው ሰሜን ዘምቶ ቀርቷል።
መርዶ ነጋሪው መጥቶ «ሞቷል» ብሏል።
እናቴ ጠየቀችው፦ «ምን አገኛችሁለት?
ቀበቶ? የሸሚዝ ቁልፍ?» እሱ አንገቱን ደፋላት።
የሐዘኑን ሰባት ቀን አልተቀመጠችም፤
አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሰባቱ አልጀመረም።

ለሂላ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም።
ያልኳት ይህን ብቻ ነው፦ «አንድ ነገር ይትረፍ፣
ከኋላ የመጣ ሰው ‹የማን ነው?› ሳይል እንዳያልፍ።
ጫማ፣ ለምሳሌ።»

«ፊዚክሱ አይፈቅድም፣ ሹምዬ፣ አይሆንም።»
«ጠፈር ላይ ድምፅም የለ፤ ያ ግን አላገደሽም፣
የፍሪጄን ጩኸት ትናንት ቀድተሽ ሄድሽ።»
«እሺ በቃ፣ ጫማው ይቅር!» አለች፣ ሰለቻት።
«ይቅር!» አልኳት፣ «እሱን ነው የምልሽ፣ ይቅር።
ሰውየው ይሂድ፤ ጫማው ይቅር።»
ግማሽ አማርኛዋ ዘግይቶ ገባት።

ጨረቃዋ ጊልቦዓ ሥር ያለ የድንጋይ ካባ ነበር።
ጨረሩ እንዲታይ ዱቄት በተንን በአየር፤
ብርሃን ባዶ ውስጥ አይታይም አሉኝ፣
አንድ ነገር እስኪነካ። ዱቄቱ አስነጠሰኝ።

በባህል አዳራሹ መብራቱ ሲጠፋ፣
ፍሪጄ ጮኸች፣ ጠፈሩ ሰፋ።
ጸዳል ብልጭ አለ። ሰውየው የለም።
ጫማው ቆሟል። ቡናማ፣ የግራ፣ አርባ ሁለት፣
ክሩን እኔ ነኝ የቋጠርኩት።
አንድ ሕፃን ሳቀ። ካሜራው ግን አላለፈም።
ተኳሹ፣ ጽሑፉ ላይ በሌለ ነገር፣
ሽጉጡን አስቀምጦ ተንበረከከ፣
ጉድጓድ እንደሚያይ ሰው ጫማው ውስጥ አየ፣
ቆየ።

ጸዳልን መለሰችልኝ፤ ሱቄ መስኮት ላይ ነው።
ጫማውን አላመጣችም፤ አልጠየቅኳትም።
ቀኙን ግን ለመጣል እጄ አልታዘዘም።
ካውያ ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ ሽጉጡን ያየዋል፣
«ይሄ ነገር ይሠራል?» ብሎ ይጠይቀኛል።
«አንዴ ሠርቷል» እላለሁ፣
የካውያውን ብሎን እፈታለሁ።