አፋፍ የሌለው አገር

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ይባላል በተረት፤
ሳስካችዋን ላይ ግን አፋፍ የለም ከፊት፤
ሜዳ ነው፣ ስንዴ ነው፣ ጥር ሲገባ በረዶ፤
ቃል ማገጃ አጥቶ ይሄዳል ነጉዶ
ከካኖራ ስታዲየም፣ ከጣሪያው ሥር ካለች ከጠባቧ ክፍል፣
ኦረስት ሃሉሽካ «ጎማዋ በግራ፣ በጥጉ በኩል፣
ዞረች፣ ተላተመች፣ ወጣች ከአጥሩ» ሲል።

አሥራ አራት ክረምት ስለት ጫማ አስሮ፣
በደሞዝ ሲጋጭ ከከተማ ከተማ ዞሮ፣
አፉ ሥራ ፈትቶ፣ ቡጢው ተናግሮ፣
ሰባት ጎል አግብቶ በሙሉ ዘመኑ፣
ጥርስ ማርገፍ ነበር ሹመትና ሥልጣኑ።
የሌሎቹን ተወው፣ ማን ያውቃል ቁጥሩን፤
የራሱም አራቱ፣ ከአልጋው ራስጌ፣
በብርጭቆ ውሃ ያነጋሉ ሌሊቱን።

«ታበዛለህ» ይለዋል ባልደረባው ጋርኔት፣
«የማሊያ ቀለም፣ የጥላ ርዝመት፣
በረኛው ጓንቱን በየት እንዳጠለቀ፣
ማን ነው ይኼን ሁሉ ከሬዲዮ የጠየቀ?
ጎሉን ንገር፣ በቃ።»
ኦረስት ዝም ይላል፤
ጉንጩን በምላሱ ከውስጥ ይገፋል፤
ደግሞ ይቀጥላል፦
«ሰማያዊ ለባሽ፣ ስምንት ቁጥር፣ ቀጭን፣
አገጩን ቀብሯል፣ ላብ አጥቦታል ፊቱን፤
በዱላው ጫፍ ላይ እንደ እንቁላል ያዛት፤
አሁን ቀና አለ፤ አሁን... ሰደዳት።»

ወደ ሰሜን በኩል፣ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ፣
አብራም ክላሰን አለ፣ ከምድጃው ተጣብቆ።
የአንድ ዓይኑ ብርሃን ያኔ ነው የጠፋው፣
በመጋቢት ጨዋታ፣ ኦረስት ሲመታው፤
ሌላውን ስኳር ነው፣ ዘግይቶ የወሰደው።
ደብዳቤም አልጻፈ፣ ደጁንም አልመታ፤
ተያይተው አያውቁም ከዚያች ክፉ ማታ።
ብቻ የአብራም እህት፣ ቤንዚን ቤት አግኝታው፣
«አንተን ነው የሚሰማ» ብላ ቁጭ አድርጋ ተወችው።

ዛሬ በሦስተኛው፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣
አንድ ዱላ ሽቅብ፣ ከትከሻ በላይ፤
አንድ ልጅ በግንባሩ ተደፋ በረዶው ላይ።
«ወድቋል» አለ ኦረስት። «ጓንቱ ፊቱ ላይ ነው።
ቆይ... ተንበርክኳል። እጁን እያነሣው...
ዓይኑ... ይገለጣል። ያያል። ሁለቱም።»

ከዚያ ቃል አልመጣም፤ ስድስት ሰከንድ ሙሉ።
«ባትሪ ይሆናል» አሉ የሚሰሙት ሁሉ።
ጋርኔት ገና ሳያነብ የትራክተር ዋጋ፣
አብራም በዳበሳ እጁን ዘረጋ፣
ቁልፉን አዞረና፣
ዝምታውን ከፍ አደረገው።