አስኳል

ፓክሽ ላይ፣ ዳንዩብ ዳር፣ ኤተልካ ተረኛ፣
ጭስ ለሌለው እሳት እስኪነጋ ዳኛ።
የዩራኒየም ፍሬ ሲፈለጥ፣ ሲበር፣
ፍንጣሪው ሌላውን መትቶ ሲሰብር፣
ዘንጉን ዝቅ አድርጋ ታስታግሰዋለች፤
«ውሃ ነው የማፈላ፣ ሌላም የለ» ትላለች፤
«እንፋሎቱ ገፍቶ ተርባይን ያዞራል፣
የተረፈውን ሙቀት ዳንዩብ ይጋራል።»

ንጋት ላይ ቤት ገባች፤ ጫማ ሳታወልቅ
ምድጃዋን ከፍታ፣ ክብ ብረቱ ሲደምቅ
እንቁላል ሰበረች። ዞራ ጠየቀችኝ፣ ተከራይዋን፦
«ይህን ቢጫ ነገር ምን ትሉታላችሁ?»
«አስኳል።»
«ሌሊት የምፈልጠውንስ?»
«አስኳል።»

ዝም አለች።
መጥበሻው ተንጫጫ፤
ሌሊት የፈለጠችው፣ በሽቦ ቀድሟት ገብቶ፣
ነጩን አበሰለው፣ ለአስኳሉ ራርቶ።