እጇን አነሳችልኝ

ሃያ አንድ ለሃያ፤ የምትመራው እሷ፤
መረቡን አልፋልኝ ስትመጣ ኳሷ
እግሬን ተክያለሁ፣ ክንዴንም ስቤ፣
የት እንደምልካት ጨርሼ አስቤ።
ጠቅ አለች፤ በቃ። ከጠረጴዛው አፋፍ፣
ቀለሙ ከተላጠ፣ ከጥጉ ከጫፍ፣
ተንሸራታ ወርዳ በጉልበቴ አጠገብ
ወለሉ ላይ ሄደች። ዳኛው አለ፦ «ነጥብ»።

ኤመሼም ግራ እጇን ከትከሻዋ እኩል
አነሳች፤ ዓይኗ ግን ወደ መሬት በኩል።
የጨዋታው ወግ ነው፤ ጠርዝ የሰጠው ሰው
«ይቅርታ» ይላል በእጁ፣ ባፉ ባይናገረው።
እኔም ወጉን አውቃለሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፣
እጅ ሰጠሁ ለሷ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ሰባት ዓመት ያቺን ጠቅ ስረግም፣
ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ በር ሲከረችም
እሷኑ፣ ያቺኑ እየደጋገምሁ እየሰማሁ፣
በሠርግም በለቅሶም ላገኘሁት አወራሁ፦
«ዕድለኛ ነበረች! ሁለት ጣት ጠርዝ ናት
እሷን ያነገሠች፣ እኔን ያስቀረች ቤት!»

ዴዦ፣ አሰልጣኛችን፣ ሳንባው የከሰል፣
አንድ ማታ ሰማኝ ቢራ ቤት እንዲህ ስል።
ሳለና፣ ሳለና፣ መሐረቡን አጥፎ
«ዦካ» አለኝ፣ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ገዝፎ፣
«ምትሽ ገፍቷት ነበር፣ ከጠረጴዛው ርቃ፤
ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ‹አለቀ› ነው በቃ።
እሷ ግን ደረሰች፤ ኳሷ ለመሬት
አንዲት ጣት ሲቀራት ከሥር አነሳቻት።
ጠርዝ የሚሰጠው እኮ ለደረሰ ሰው፤
ላልደረሰማ ጠርዙ ደረቅ እንጨት ነው።»

ደግሞ እንዲህ ነገረኝ፦ ኤመሼ ልጅ ሳለች
ግድግዳውን ነበር «ባላጋራ» ያለች፤
ሺህ ምት ለቀኙ፣ ሺህ ምት ለግራው፣
የሰነጠቀችው ኳስ ጆንያ እስኪሞላው።
ሦስት ጣቷ ተላጠ፣ ጅማቷ ታመመ፣
የልጅነቷ ማታ እዚያ አዳራሽ አከተመ።

አፈርኩኝ።
            ደግሞ ግን ስወጣ ከቢራ ቤት
አንዲት ነገር ወጋችኝ እንደ ብርድ ስለት።
ማታ አዳራሹ ይዘጋል። የማን ነበር ቁልፉ?
ያባቷ። ዘበኛ። ለልጁ ከፍቶ ይተኛል ከደጃፉ።
እኔስ? ከመንደሬ፣ ካራንች ተራራ ሥር፣
አውቶቡስ በሳምንት ሁለቴ ነበር።
ለጠርዝ እጅ ይነሳል፤ ዳኛም ሰውም ያያል፤
አባት ኪስ ላለ ቁልፍ ማን እጁን ያነሳል?

ይህን ብዬ ልቀመጥ ነበር፣ ረክቼ፣
ቂሜን እንደ ድመት ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣
ቦርካ ባትመጣ። መንትያዬ ቦርካ፣
ሌሊት የምትሠራ ጠርሙስ ፋብሪካ።

ስምንት ዓመት ሲሆነን አጎታችን መጥቶ
አንድ ራኬት ሰጠን፣ ከሻልጎታርያን ገዝቶ።
አንድ ራኬት፣ ሁለት ልጅ፤ እማማም ቆም ብላ
ሳንቲም ወረወረች፣ ብታጣ ሌላ መላ።
ፊቱን ቦርካ መረጠች፣ ለኔ ጽሕፈቱ ተረፈ፤
ሳንቲሙም ዞረ ዞረ፣ ጽሕፈት ላይ አረፈ።
ቦርካ ሣቀች፤ ቀኑም እንደ ቀን አለፈ።
ዓይኗ ከኔ ፈጣን፣ እጇም የሚረጋ፣
ዝንብ ትቀልብ ነበር ክንፉን ሳትወጋ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠርዙን፣ ዴዦን፣ ቁልፉን፤
ሱፍ እየቆረጠመች ሰማችኝ ታሪኩን።
«እና» አለች ስጨርስ፣ «ቁልፉ ከፋሽ አይደል?»
ሌላ ቃል አልጨመረች፤ ቀጠለች ስትፈለፍል።

ሳህኑን ልታጥብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዞር ስትል
ግራ እጄን አነሳሁ፣ ከትከሻዬ እኩል።
አላየችኝም እሷ። ብታየኝ ኖሮ
«ዝንብ ነው?» ትል ነበር፣ እጇ ተወርውሮ።