ሁለት ልብ

በኡላንባታር ታኅሣሥ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲል፣
ናፍጣ እንደ ሞራ ሲረጋ፣ ጎረቤት ጂፑን በእሳት ሲያባብል፣
"የምትነሣው ፕሪየስ ናት" ይላሉ፤
"ሁለት ልብ ስላላት" ይላሉ።
አንደኛው ቤንዚን ይጠጣል፤
ሁለተኛው፣ ሌላ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚደፋውን
ከፍሬን ሥር ይለቅማል።
እንግዲህ ይህን ሰምቼ ነው፣ ሳልገዛት ገና ከወዲሁ፣
ከሷ ቀድሜ እኔው ራሴ ሁለት ልብ የሆንሁ።

ዋጋዋ አሥራ አንድ ሚሊዮን ቱግሪግ፤ እኛ ያለን አሥር ተሩብ፣
ሁለት ዓመት ስንሰበስብ፦
ሳራንቱያ ከአዋላጅነት ሌሊቷ፣ እኔ ከማስጠናበት ማታ፣
የቴሙለንን ቡት ጫማ "ለከርሞ" እያልን በፈገግታ።
ያለ መኪናም ይኖራል፤ ኖረናል። ግን ባለፈው ኅዳር
አርባ ደቂቃ ስትጠብቅ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ዳር፣
የሳራንቱያ የእግር ጣት ጠቆረ። ለጥቂት ነው የተረፈው፤
ገንዘቡን "ለመኪና" ያልነው ያን ሰሞን ነው።

መሪዋ በቀኝ ነው። ከጃፓን በመርከብ፣ ከዚያም በባቡር የመጣች።
ስትከፈት በሴት ድምፅ፣ በትሕትና፣ አንድ ነገር ትላለች።
"ምን አለች?" ብለው ሻጩን፣ ዳሽዜቬግ ትከሻውን ነቀነቀ፤
"ስድስት ወር ነዳኋት፣ ሁሌ ይችኑ ናት" ብሎ ሳቀ።
ሰላምታ ይሆን? ማስጠንቀቂያ?
ወይስ ለቀድሞ ጌታዋ የማይደርስ የስንብት መልእክት?
የኋላ መስታወቷ ላይ ጥንቸል የተሣለበት ወረቀት፤
ከወንበሩ ሥር፣ አቧራ የለበሰ ቢጫ የሕፃን ጠጉር ማስያዣ።
ቆጣሪዋ "ሰማንያ ሺህ" ይላል። የፍሬኑ መርገጫ ግን አልቋል፤
ጎማው ተልጦ ብረቱ ወጥቷል።
ቆጣሪ በጣት ይመለሳል፤
እግር የረገጠውን ማን ይመልሳል?

የሳራንቱያ ወንድም ቱቭሺን መመርመሪያውን ሰካ፣
ስክሪኑን በጥፍሩ እየነካካ፤
"ባትሪው አሥራ አራት ጥንድ ነው፤ ዘጠነኛው ግን ደክሟል።"
"ስንት ጊዜ ይቆያል?"
"ወይ ሦስት ዓመት፣ ወይ እስከ ሐሙስ" አለኝ።
አማቴ ደግሞ ከምድጃው ዳር፦ "ሁለት ሞተር?
ሁለት የሚበላሽ ነገር!
በመዶሻ የማይታረቅ መኪና፣ መኪና ነው አትበለኝ።"

በማግሥቱ ሳላስታውቅ ሄድሁ። ባና ለብሳ ቆማለች።
ጓንቴን አውልቄ ኮፈኗን ዳሰስሁ፤ ለብ ብላለች።
"ሌሊት አስነሥተሃታል?"
"ሦስቴ" አለ ዳሽዜቬግ፣ መሬት መሬት እያየ፣
"እንግዳ ፊት እንዳታሳፍረኝ ብዬ።"
ስለ ማጭበርበሩ ልቆጣው? ስለ እውነቱ ልመነው?
እዚህም ሁለት ልብ ነው።
"ዛሬ ባናውን አንሣው፤ ራቁቷን ትደር በውርጩ፤
ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ" አልሁት ለሻጩ።

ሠላሳ ሦስት። ሽፋሽፍት ይጣበቃል። የከሰል ጭስ ሰፈሩን ውጦታል።
ሳራንቱያ ከአዳር በቀጥታ መጣች፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።
ቁልፉን ተጫንሁ። መብራቱ በራ። ያች ሴት ያንኑ ተናገረች።
ከዚያ ጸጥ።
"ሞተች!"
"ዝም በል" አለች ሳራንቱያ፣ ጣቷን አንሥታ፣
"ሕፃንም እንዲህ ነው።
ከመጮኹ በፊት አፍታ አለች፤
ያቺን አፍታ የማያውቅ ነው፣ ሞተ የሚለው።"
ቆጠርሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
ከሆዷ ሥር አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ፤
አለቀሰች።

"ዘጠነኛውስ?" አልኋት። አልመለሰችልኝም።
"አሥር ሚሊዮን" አለችው ዳሽዜቬግን፤ ሩቧን ለዘጠነኛው ደበቀች።
እሱ ጭሷን አየ። ሰማዩን አየ። እሺም እንቢም አላለም።
እሷ ግን ከወንበሩ አስነሥታኝ ገባች፤
ከሥር ማንሻውን በዳበሳ አገኘች፤
ወንበሩን በእግሯ ልክ
አንድ ስንዝር ወደ ፊት ሳበች።