ባዶ ለባዶ

ከእንድሪስ ፀጉር ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣
ስምንት ሰው የሚጠበው፣ ሃያ ሰው የሚገባ
አንድ ጓዳ ነበረን፤ ፈርዋኒያ፣ ኩዌት፣
የኮንዲሽኑ ላብ ጠብ ጠብ የሚልበት።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ጁምዓ በመጣ ቁጥር
ስልኩን እናቆማለን በባዶ ኒዶ ጣሳ፣
ድምፁ ጎላ እንዲል። ከዚያ «ሃሎ! ጦሳ!»

ቡድናችን ጦሳ ኮከብ፣ ሁለት ሊግ የወረደ፣
ማልያው የዱቤ፣ ካልሲው የተቀደደ፤
ጫማ የላክንለት ከደመወዝ ቆርሰን፣
አንድም ቀን ያላየን፣ አንድም ቀን ያላወቀን።

ሙህዬ ቆሎ ሻጩ፣ ከደሴ ሜዳ ዳር፣
ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ ያደርግ ነበር።
ፉጨት፣ ጩኸት፣ ንፋስ፣ የአህያ ማናፋት፤
ባላየነው ዳኛ ላይ የማንጥለው ጥፋት!

ይመር፣ የውሃ ቦቴ ሾፌር፣ ዝምተኛ ሰው፣
ጎል በገባብን ቁጥር ጥርሱን የሚያፋጨው።
አረጋሽን ያኔ ማዳሟ ስልኳን ነጥቃት
ይመር በመስኮቷ ሥር በክላክስ ነገራት፦
አንዴ ካሸነፍን፣ ሁለቴ አቻ ስንወጣ፣
ሦስት ጊዜ ለሽንፈት።
(ሦስቱ በየሳምንቱ መጣ።)

እኔ ጦይባ፣ ጸሐፊ፣ ባለ ሰማያዊ ደብተር፤
ቀን፣ ውጤት፣ ጎል ያገባ፣ የመዋጮ ዲናር።
ከግርጌው በእርሳስ፦ ማን ኢቃማው አልቆ ኬላ ላይ ተያዘ፣
ማን እንጀራ ፍለጋ ቤሩት ድረስ ተጓዘ፣
የማን ልጅ ተወለደች፣ «ኮከብ» ተባለ ስሟ፣
አባቷ ያላያት፣ በስልክ ነው መሳሟ።

አንዴ አሸነፍን እንጂ! አራት ለአንድ፣ በዝናብ።
እንድሪስ ምላጭ ይዞ ጎዳና ላይ ዘለለ፣
ግማሽ ጢም የቀረው ግብፃዊ ከኋላው ተከተለ፤
ኋላ እሱም አጨበጨበ፣
ለምን እንደሆነ ሳይገባው።

ሰው እንደ ጥርስ ነው መሰለኝ፣
አንዱ ከወለቀ የጎኑ ይነቃነቃል።
ሃያ ነበርን። አሥራ ሁለት። ሰባት።
ዛሬ አራት ነን፤ ሕንፃው ሊፈርስ ነው፣
እንድሪስ ቁልፉን ለባለቤቱ ሊመልስ ነው።
የኔም ትኬት ለማክሰኞ። ሻንጣዬን አስሬያለሁ።

ስልኩ ጣሳው ውስጥ ነው።
ሰማንያኛው ደቂቃ። ጎል የለም። ንፋስ ብቻ።
ያኔ ሙህዬ፣ ሳል በሰበረው ድምፁ፣
«እናንተ ሰዎች» አለ፣
«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እኛን ሰማችሁን፤
እስቲ ዛሬ ተናገሩ፣ ሜዳው ይስማችሁ።»
ስልኩንም (ከንፋሱ አወቅነው)
ወደ ተጫዋቾቹ አዞረው።

ምን ይባላል?
ይሄ ሁሉ ጎሮሮ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት የጮኸ፣
ቃል አጣ። ይመር ሳለ።
እንድሪስ መቀሱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።
እኔ ደብተሬን አየሁ፣ የተጻፈበት ነገር ያለ ይመስል።

«ይዘንባል እንዴ?» አለች አረጋሽ።
በቃ፣ ይሄን ብቻ።

«ካፊያ ነው» አለ ሙህዬ፣ «ኳሷን አክብዷታል።»
ካፊያውን ሰማነው።
ወይ ካፊያው ነው፣ ወይ ኮንዲሽኑ፤
ማንም ቀና ብሎ ሊያይ አልፈለገም።

ፊሽካ ተነፋ። ባዶ ለባዶ ብዬ ጻፍሁ፣
ከግርጌው ምንም አልጨመርሁ።
ጣሳውን አረጋሽ ወሰደች፣ ለስኳር ትሆነኛለች ብላ።
እንድሪስ መስታወቱን ወለወለ፣ ለሚፈርስ ግድግዳ።
«ደብተሩስ?» ያለኝ የለም፤
ከልብሶቼ መሃል፣ ከሻንጣዬ ሥር አለ።

መጨረሻ ይመር ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ፣
የቦቴው በር ሲዘጋ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሰማን።
አረጋሽ እዚሁ፣ ከጎኔ ቆማ እያለች፣
የሚነገረው ሰው በሌለበት መንገድ
ክላክሱን ነፋ። ሁለቴ።

ትንሽ ቆየና፣ ከማዞሪያው አካባቢ፣ አንዴ።

ሦስት ብዬ ልቁጠረው
ወይስ ሁለት፣ ከዚያ አንድ?