የሐረጎ ሂሳብ

ደብተር አለኝ እኔ፣ ሽፋኑ በግራሶ የወዛ፣
ሊትርና ኪሎሜትር የማፋጥጥበት፣ ከመኪናዬ ጋር ባንድ ቀን የተገዛ።
በግራው ገጽ የኔዋ፣ ነጯ ፒክአፕ፣ ቤንዚን የምትጠጣ፣
በቀኙ የሙሄ፣ ያ ሽማግሌው ባለ ናፍጣ።

ኮምቦልቻ ጠዋት፣ የኔዋ በአንድ ቁልፍ ተነስታ ዝም ትላለች፣
ድምጿን የማያውቅ ሰው፣ ጠፍታለች ወይ? ይላል፣ እንዲህ ናት ስትመች።
የሱ መጀመሪያ ይስላል፣ ያጓራል፣ ጥቁር ጢስ ይተፋና፣
ሰፈሩን ቀስቅሶ ይነሳል ገና።
«ሞተር ነው ወይስ የታመመ በሬ?» ብዬ እስቅበታለሁ፤
«በሬነቱንማ ቀንበር ሲመጣ አሳይሃለሁ»
ይለኛል ሙሄ፣ መፋቂያውን ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዞረ፣
የዘይቱን ልክ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ እየመረመረ።

በሜዳው ማን ችሎኝ! ከሚሴ ደርሼ ሻይ አዝዤ ስጠጣ፣
እሱ ገና ሐርቡ ነው፣ እየተንገጫገጨ የሚመጣ።
ደብተሩ ግን አያዳላም፤ ለመቶ ኪሎሜትር
ለኔ አስራ ሦስት ይላል፣ ለሱ ዘጠኝ ሊትር።

አንድ ማክሰኞ የወይዘሮ ሉባባ ወፍጮ መጣ፣
ተሳቢ ላይ ታስሮ፣ ደሴ ይውጣ ተባለ፣ ይውጣ።
«እኔ እስባለሁ» አልኩ። ክብደቱን ማን መዘነው?
ሙሄ ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ ዝም አለ፤ ያ ዝምታው ነው...

ሐረጎ። የመጀመሪያው ጥምዝ በሦስተኛ፣ ሁለተኛው በሁለተኛ፣
አራተኛው ላይ አንደኛ፤ ከዚያ ወዲያ ማርሽ የለ፣ መጠጊያም የለ ለኛ።
የነዳጁ ቀስት ሲወርድ፣ የሙቀቱ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት፣
ሁለቱ ሲተላለፉ ዳር ያዝኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁት።
ከጎማው ስር ድንጋይ፣ ከኮፈኑ እንፋሎት፣ ቦርከና ከታች እንደ ክር፣
ልቤም እንደ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲቀር፣

ያ ሳል ተሰማኝ። ከሦስት ጥምዝ በታች፣ ያ የማላግጥበት ሳል፤
አይቸኩልም፣ አይጮህም፤ ጥርሱ እንዳለቀ ሰው ዳገቱን እያላመጠ ይመጣል።

ሙሄ ወረደ። «በሬው መጣ» አላለም፤ ቢል ይሻለኝ ነበር።
ወፍጮውን ከኔ ፈቶ ወሰደ፤ ጉሙ ዋጣቸው፤ እኔና ዝንጀሮ ቀረን ከመንገዱ ዳር።
ከዚያ ተመልሶ ወረደ፣ የብረት ገመዱን ከወንበር ስር አወጣ፣
እንደ ሁለተኛ እቃ ሳበኝ፣ እስከ አናቱ ድረስ ያለቁጣ።

ደሴ ስንገባ ወይዘሮ ሉባባ «በምን መጣ?» ብላ አልጠየቀች፤
የወፍጮውን ድንጋይ፣ እንዳልተሰነጠቀ፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገች።

ማታ ደብተሬን ገለጥኩ። የኔ ገጽ ያሳፍራል፣ ግን አያስቸግር፤
አስራ አንድ ሊትር ነው፣ ለአስራ አራት ኪሎሜትር።
በሙሄ ገጽ ላይ ብዕሬ ቆመ። ወፍጮውን ያወጣበት፣ እሺ፣ የሱ ይሁን፤
ለኔ ሲል የወረደበትን፣ እኔን የሳበበትን በማን ገጽ ልጻፈው አሁን?

ብጠይቀው ሳቀ። «ቁልቁል ስመለስ ሞተሬ ጠፍቶ ነበር፣ ምንም አልበላ።»
ዋሸኝ። ሐረጎን ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ነፍሱን የጠላ።

ያ መስመር እስከ ዛሬ ሊትር የለውም።
ቀኑ ብቻ አለ፦
ማክሰኞ። ሐረጎ። ጉም ነበር።