ለካ

ከባራም ወንዝ ማዶ፣ ቦርንዮ ጫካ ውስጥ፣
አልቅት ካልሲ አልፎ ደማችንን ሲመጥጥ፣
አጎቴ ላዋይ ሜትሩን በግንዱ ሲያዞር፣
እኔ ከታች ቆሜ ስመዘግብ ቁጥር፣
መመሪያው «ደረት ላይ ይለካ» ይለናል፤
ይህ ዛፍ ደረት የለው፤ ሥሩ ብቻ ቆሟል፣
እንደ ቤት ግድግዳ ከራሳችን በልጧል።
ስለዚህ መሰላል።
ላዋይ ዐሥር እርከን ወጥቶ ከላይ ይላል፦
«ሁለት ሜትር ከዘጠኝ። ጻፊው፣ ኡቡንግ ልጄ።»
ጻፍሁት፤ እርሳሱ አዳለጠ ከእጄ።

ቁመቱንማ ቀድሞ አውሮፕላን ነግሮናል፤
ባለፈው ወር መጥቶ በላያችን አልፏል፣
ጨረሩን እንደ ካፊያ ከሆዱ አፍስሶ፣
የበዛው ከጫፉ፣ ካናቱ ተመልሶ፣
ገሚሱ በቅጠል መሃል ለመሃል ሾልኮ፣
አፈር የነካውማ ጥቂት ነው፣ እፍኝ እኮ፤
ከመልሱ መዘግየት ከፍታው ተሰልቶ፣
«ስልሳ አንድ ሜትር» ይላል ካርታው ቀለም ተቀብቶ።

ሬዝዋን፣ የኩቺንጉ ልጅ፣ ታብሌቱን ነካካ፤
ውፍረቱን፣ ቁመቱን፣ የእንጨቱን ጥግግት በቀመር አቦካ፤
«ሰባ ስድስት ቶን!» አለ። ፊቱ በደስታ ፈካ።

ላዋይ አልፈካም።
ከወገቡ መዞ፣ በገጀራው ጀርባ ግንዱን መታ አደረገው።
ድም።
ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ፦ ድም።
ድፍን እንጨት እንዲህ አይጮኽም።
ከላይ ከስንጥቁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሌሊት ወፍ ፈላ፤
በራሳችን ዞሮ ተበተነ እንደ ጥላ።

ወርዱን ብንለካ፣ ቁመቱን ብንለካ፣
ሆደ ባዶ ኖሯል የለካነው፣ ለካ።

ሬዝዋን አልከፋውም፦ «ቀመር ሆድ አያይም፤
ከሺህ ዛፍ መሃል አንድ ባዶ ሚዛን አያናጋም፤
አማካዩ ያቻችለዋል።» ልክ ነው፤ አውቃለሁ።
ቅጹን ላይ ታች አልሁ።
«ባዶ» የሚል ዓምድ የለውም።

ያኔ ነው አጎቴ፣ መሰላሉን እንደያዘ፣
ዓይኑን ከኛ አሽሽቶ፣ እንደዋዛ፣ የተነፈሰው፦

«ጎረምሳ ሳለሁ ደሞዜ ይህ ነበር፣
ለእንጨት ኩባንያው፤
እየዞሩ ማንኳኳት፣
ጆሮን ጥሎ መለየት፣
ድፍኑን ቀይ መቀባት፣
ባዶውን ዝም ብሎ ማለፍ።
ቀይ የቀባኋቸው በባራም ወረዱ፣
ተጋድመው፣ በሰንሰለት፣ ግንድ ከነግንዱ፤
እናትሽ በስም የምትጠራቸው ነበሩባቸው።
ይህን አንኳኳሁት።
ሳቅሁበት።
አለፍሁት።»

ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።

ቆርቆሮዋን በምስማር መታን፤ አራት መቶ ዐሥራ ስምንት።
እኔም ከሠንጠረዡ ኅዳግ፣ ከመስመሩ ውጪ፣
በደቃቅ ፊደል፦ «ባዶ ስለሆነ ተረፈ።»
ይህ በስንት ቶን ይሰፈራል?
ሬዝዋን አየው፤ አልሰረዘውም።

ወደሚቀጥለው ዛፍ በጭቃው አዘገምን።
ላዋይ ገጀራውን አነሣ፣ ጀርባውን አዞረ፤
እጁ ባየር ላይ ቀረ።
ከዚያ ወደ አፎቱ መለሰው።
«ሜትሩን አቀብዪኝ» አለኝ።